ከበርሜሉ ውስጥ የተጠራው ስም

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው...

እ.ኤ.አ. 2016፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ፣ የተከራየሁት ቤት ጋራዥ ነው።

ሰርክ እባላለሁ። ፌርፋክስ ላይ ሬስቶራንት ውስጥ እሠራለሁ፤ በኦፍ ቀኔ ኢላማ ተኩስ እለማመዳለሁ። ያስተማሩኝ ጋሼ ዘለቀ ናቸው፤ የድሮ ወታደር፣ የዛሬ ታክሲ ነጂ። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመን፣ አጥበን፣ ባሩድና እርሳስ መልሰን እየሞላን ሪሎድ እናደርገዋለን።

ቀለሁን በሞተር የምትዞር ትንሽ በርሜል ውስጥ እንከተዋለን። ውሃ፣ የዕቃ ሳሙናና ደቃቅ የብረት ዘንጎች እንጨምራለን። ዞሮ ሲወጣ ነሐሱ እንደ ወርቅ ያበራል።

የዚያን ቀን ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ቀለህ ሲለዩ የበርሜሉ ድምፅ ተለወጠ።

ሽሽሽ ማለቱን ተወና... ኳ... ኳ... ኳ...

በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

ሞተሩን አጠፋሁ። በርሜሉ አልቆመም።

ፕለጉን ነቀልኩ... አሁንም ይዞራል።

በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ቆመ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ቀለሁ ጸድቷል። አንዱን አንስቼ መዳፌ ላይ ገለበጥኩት...

አፈር ወጣ። ቀይ፣ ደረቅ አፈር። ውሃ ውስጥ ሲዞር ከቆየ ቀለህ።

ጋሼ አሸተቱት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ጦርነት ላይ ጓደኛቸውን በእጃቸው የቀበሩበት አፈር መሆኑን ነገሩኝ። ሁሉን ጥለን እንውጣ አሉ።

"ቤቴ ነው። አልወጣም" አልኳቸው።

ያኔ ከበርሜሉ ውስጥ...

"ዘለቀ..."

ጋሼ አፋቸውን ሲከፍቱ በመዳፌ ከደንኩት። የማይታይ ሲጠራ አቤት አይባልም።

"ዝም ይበሉ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ዘለቀ..."

"የለም" አልኩት። "እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። የምትፈልገው ነገር ካለ እኔን ጠይቅ።"

ጥሪው ተቋረጠ።

ጋሼ ከዚያ ወዲህ ጋራዤን አልረገጡም። ደህና ናቸው፤ እንደዋወላለን። በርሜሉን ጣይው ይሉኛል። አልጣልኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥብበታለሁ። የገዛ ጋራዤን ለማንም አልለቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ዞር ስል፣ ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ረጥቧል... የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ይዞ።

"ተነስ" አልኩት።

ዓይኔ እያየ ወንበሩ ደረቀ...

ከፊቱ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ሁለት እርጥብ የባዶ እግር ዳና ወጣ።

ጣቶቹ ወደ እኔ ናቸው።