የዋንዛው ሥር ብር

«ጢጥ! ጢጥ! ጢጢጢጥ!»

ሕሊና ቀጥ ብላ ቆመች። የብረት መፈለጊያውን ክብ ሳህን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ መለስ እያደረገች ድምፁ የሚጠነክርበትን ቦታ ለየችና ተንበረከከች። በቆሎው ከተሰበሰበ ወዲህ መሬቱ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በትንሿ መኮትኮቻ ስትጭረው አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ብቅ አለ።

አያቷ አያ ባምላኩ ማሳው ዳር ካለው ዋንዛ ጥላ ሥር፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ተቀምጠዋል። አንገታቸውን አስግገው «ምንድን ነው? ወርቅ ነው?» አሉ።

«የቢራ ቆርኪ ነው፣ አባባ።»

«ደግ ነው። ለጠጪው ቢራም ወርቁ ነው።»

ሕሊና ሳትወድ ሳቀች። ቆርኪውን ከዛገ ምስማር፣ ከሽቦ ቁራጭና ከምላጭ ጋር በፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ከጠዋት ጀምሮ ያገኘችው ይኸው ነበር። ያለፈው ቅዳሜም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም እንዲሁ።

ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታልፍ፣ አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቷ አይናለም «የፈለግሽውን ጠይቂኝ» ብላት ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ስልክ ይላል። ሕሊና ግን ክረምቱን ሙሉ በእናቷ ስልክ ስታየው የከረመችው ሌላ ነበር። የሩቅ አገር ሰዎች ጆሮ ማዳመጫ አድርገው በየሜዳው ይዞራሉ፤ ድንገት ይጎነበሱና ከአፈር ውስጥ ቀለበት፣ የጥንት ሳንቲም፣ አንዳንዴም ሰይፍ ያወጣሉ። «ብረት መፈለጊያ መሣሪያ» አለቻት። አክስቷ ስቃ ስቃ ሲበቃት ገዝታ ላከችላት። ሣጥኑ ላይ «ለጀማሪዎች» የሚል ጽሑፍ ነበረበት።

ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ግን መሣሪያው ፋይዳ አልነበረውም። በየግቢው ምስማርና ቆርቆሮ ስለተቀበረ አንዴ መጮህ ከጀመረ አያባራም። የመመሪያው ወረቀት ስንዝር ያህል ጠልቆ የተቀበረ ሳንቲም ያገኛል ይላል፤ ሕሊና ቀብራ ስትሞክረው ከአራት ጣት በታች ሲሆን ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ጅጋ እየሄደች፣ ከዚያ በእግሯ ወርዳ በአያቷ ማሳ ላይ መፈለግ ጀመረች።

የክፍል ጓደኞቿ «ቁራሌው!» እያሉ ይጠሯታል። የልብ ጓደኛዋ ምሥጋና እንኳ አትምራትም። «አቦ ሕሊና፣ በስልክ ልትለውጪው ስትችይ ቆርኪ ትለቅሚበታለሽ? ሼም ነው እኮ!»

እውነት ሳይሆን አይቀርም። ሕሊና በዚያ ቅዳሜ መሣሪያውን አጥፍታ አያቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር የልጅ መጫወቻ ነው። አይጠቅምም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ባልመጣስ? ፈተናም እየደረሰ ነው።»

አያ ባምላኩ ለትንሽ ጊዜ መሬቱን በዱላቸው ጫሩት። ሚስታቸው እማማ በለጠች ካረፉ ወዲህ በር ላይ ቁጭ ብለው መዋል እንጂ ሌላ ነገር አይታይባቸውም ነበር። ሕሊና በየቅዳሜው መምጣት ከጀመረች በኋላ ግን ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሚኒባሱ መቆሚያ ድረስ እየሄዱ ይጠብቋታል። ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅም ከጅጋ ሱቅ ገዝተው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።

«ትምህርት ይበልጣል፣ ልጅየ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንዲት ቅዳሜ ብቻ ጨምሪልኝ። ዋንዛው ሥር እኮ አልሞከርሽም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሥጋናም አብራት መጣች፤ «ቁራሌውን በሥራ ላይ» ልትቀርፅ። ሕሊና የመጨረሻ ሙከራዬ ነው ብላ ሳህኑን በዋንዛው ሥር አንድ ሁለቴ እንዳወዛወዘችው መሣሪያው ከዚህ በፊት ባልሰማችው ጥርት ያለ ድምፅ ጮኸ። መኮትኮቻዋ ያለ ምንም ችግር ገባ። ከአፈሩ ውስጥ የወጣው መዳፍ የሚሞላ፣ ክብ፣ ከባድ ብር ነበር።

«ጠገራ ብር!» ብለው አያ ባምላኩ ከተቀመጡበት ተነሡ። «አየሽ? አየሽ አንች? አላልኩሽም?»

ሕሊና ጮኸች፣ ዘለለች፣ አያቷን አቀፈች። ምሥጋና ስልኳን ይዛ «ወይኔ! ወይኔ! ጓደኛዬ ሀብታም ሆነች!» ትላለች። አያ ባምላኩ እንደዚያ ሲስቁ ሕሊና ያየችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ማታ ቤቷ ገብታ ብሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስታጥበው ጫፉ ላይ ቀዳዳ አየች። በቀዳዳው ውስጥ የተበጠሰ ሰማያዊ ክር አለ። ክሩን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው። ጠንካራ ነው። መሬት ውስጥ ዘመን የኖረ ክር እንዲህ አይሆንም፤ አንድ ክረምት እንኳ ቢቀመጥ ይበሰብሳል።

ከዚያ ትዝ አላት። ጥምቀት ነበር፤ እሷ ትንሽ ልጅ ሆና እማማ በለጠች ጀርባ ላይ ታዝላ፣ በሰማያዊ ክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ብር በጣቷ እየነካካች ነበር።

የዋንዛው ሥር አፈርም ለስላሳ ነበር።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። እንደ ሕፃን ልጅ ተታለለች! አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብሩን እያገላበጠች ቆየች። እማማ ካረፉ ወዲህ አያቷ ይህን ብር ከሣጥናቸው አውጥተው ለማንም አሳይተው አያውቁም፤ እናቷ ለፋሲካ ላድርገው ብላ ስትለምናቸው እንኳ እንቢ ብለዋታል። ያንን ነው እንግዲህ፣ እሷ አንድ ቅዳሜ እንድትጨምር ብለው አፈር ውስጥ የቀበሩት። ንዴቱ ቀስ ብሎ ለቀቃት። ለማንም አልናገርም አለች በልቧ።

በማግስቱ ምሥጋናን ስታገኛት «ቪዲዮውን ለቀቅኩት!» አለቻት ምሥጋና። «ቲክቶክ ላይ እየነደደ ነው፤ ሰው ሁሉ ቦታው የት ነው እያለ ነው።»

«አጥፊው።»

«ጤና የለሽም? ለምን?»

ሕሊና «እንዲሁ ነው» ብላ ተወችው።

ያንን ዝምታዋን ዓርብ ማታ ተጸጸተችበት። የአያቷ ጎረቤት አያ ታከለ ለእናቷ ደወሉ። ዋንዛውን በቪዲዮው አይተው የለዩት ሰዎች ወደ አያ ባምላኩ ማሳ ዶማና አካፋ ይዘው እየመጡ ነው። ከቡሬ ድረስ የመጣም አለ። ነገ ጠዋት ዋንዛውን ዙሪያውንና ከሥሩ ያለውን የመስኖ ሽንኩርት ሊቆፍሩት ተነጋግረዋል።

«አባባስ ምን አሉ?» አለች ሕሊና።

«ምንም አላሉም አሉ» አለች እናቷ ግራ ተጋብታ። «ዝም ብለው ያያሉ አሉ።»

ሕሊና ከምሥጋና ጋር በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች። መሣሪያዋን ይዛለች፣ ብሩ በኪሷ ነው። መንገዱን ሙሉ ምሥጋና ስልኳን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

ሲደርሱ ሰዎቹ ማሳው ላይ ነበሩ። አያ ባምላኩ ከሽንኩርታቸው መደብ ጫፍ ላይ ቆመዋል። ሽንኩርቱ ለምለም ነው፤ ከወንዙ ቦይ ቀድደው፣ ጎንበስ ቀና ብለው ያደረሱት። መነጽር ያደረገ ከቡሬ የመጣ ጎልማሳ ለሌሎቹ ያስረዳል።

«ጠገራ ብር ብቻውን አይቀበርም። በገንቦ ነው የሚቀበር። አንዱ ወደ ላይ ከወጣ ሌላው ከሥር አለ ማለት ነው። አያ ባምላኩ፣ የርስዎን ድርሻ አናስቀርም።»

«ቆፍሩ» አሉ አያ ባምላኩ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ሽንኩርት ነው፤ ተመልሶ ይተከላል።»

ሕሊና ባለችበት ደርቃ ቀረች። አሁን ገባት። አያቷ «ብሩን የቀበርኩት እኔ ነኝ» ቢሉ ሰዎቹ ዶማቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። እንዲህ ካሉ ግን ሕሊና ትሰማለች፤ ደስታዋም የውሸት ይሆናል። ስለዚህ ሽንኩርቱን መረጡ።

ሮጣ መሃል ገባች። «ቆይ! ቆይ አንዴ፣ ጋሼ! ይሄ መሣሪያ እኮ ገንቦ አያይም። ለጀማሪ የተሠራ ነው። ከአራት ጣት በታች ያለ ሳንቲም አይሰማም። ከፈለጋችሁ ቀብራችሁ ሞክሩት።»

ሞከሩት። አንዱ ሳንቲም ቀበረና ሕሊና ሳህኑን አሳለፈችበት፤ ጮኸ። አጥልቆ ቀበረው፤ ዝም አለ። ሰዎቹ ተያዩ። ባለ መነጽሩ ግን ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ይኸው! ከሥር ያለውን ስለማያይ ነው ያላገኘሽው። ለዚህ ነው መቆፈር ያለበት!» ዶማውንም አነሣ።

ሕሊና ወደ አያቷ ዞር አለች። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። እውነቱን ብትናገር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ ሽማግሌ ሆነው ሰውን አታለሉ ይባላሉ። ዝም ብትልም ሽንኩርቱ ያልቃል። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ብሩን አወጣች። ቀዳዳውና በውስጡ ያለው ክር እንዲታይ አድርጋ ወደ አያ ታከለ ዘረጋችው።

«ጋሼ ታከለ፣ እርስዎ ያውቁታል። የማን ብር ነው?»

አያ ታከለ ብሩን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። ክሩን በአውራ ጣታቸው ነኩት። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የበለጠች ነው» አሉ። «በጥምቀት ከአንገቷ አይለይም ነበር። እናንተ ሰዎች፣ ይህ የበለጠች ብር ነው!»

«የእማማ ነው» አለች ሕሊና። «ገንቦ የለም።»

እንዴት ከመሬት እንደገባ አልተናገረችም። የጠየቃትም አልነበረም። አንዷ ሴትዮ «ስታርም ወድቆባት ይሆናል፣ እኔን!» አሉና ደረታቸውን መቱ። ሌላው ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። «ነፍስ ይማር» ተባባሉ። ባለ መነጽሩ ትንሽ ቢያጉረመርምም ብቻውን መቅረቱን ሲያይ እሱም ተከተላቸው። ምሥጋና ከኋላ ቆማ ስልኳን አወጣችና ቪዲዮውን አጠፋችው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ቆሙ።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ አያ ባምላኩ።

«የዚያኑ ለታ ማታ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎስ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

አያ ባምላኩ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተሰበረ። «ቅዳሜ ረጅም ነው፣ ልጅየ። አንች ከመጣሽ ወዲህ ነው ያጠረ።»

ሕሊና ብሩን በመዳፋቸው አስቀመጠችና ጣቶቻቸውን አጠፈችላቸው። «ማሽኑ ባይኖርም እመጣ ነበር እኮ» ልትል አሰበች። ግን እውነት መሆኑን እርግጠኛ ስላልነበረች አልተናገረችውም። ያ ነው ይበልጥ ያሳፈራት።

በዚህ መሃል አያ ታከለ ባርኔጣቸውን እያሻሹ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ላስቸግርሽና… አምና ባለቤቴ በአጨዳ ጊዜ ማጭዷ ጠፍቶባታል። የእናቷ ማጭድ ስለሆነ እስካሁን ታነሣዋለች። ያ መጫወቻሽ እንዲህ ያለውን ያገኘው ይሆን?»

ሕሊና አሰበች። ማጭድ ትልቅ ብረት ነው፤ ገለባ ሥር ቢቀር እንጂ አይጠልቅም። «ላይገኝ ይችላል፣ ጋሼ። ግን እንሞክር» አለች።

ምሥጋና ቅዳሜዋን ሙሉ በአያ ታከለ ማሳ ላይ የተፈተሸውንና ያልተፈተሸውን ለመለየት እንጨት ስትተክል ዋለች፤ አንዴም «ቁራሌው» አላለችም። አያ ባምላኩ በዱላቸው ገለባውን እየገለጡ ከፊት ከፊት ሄዱ። ሁለት ጊዜ ሽቦ አገኙ፣ አንድ ጊዜ የፈረስ ጋሪ ብሎን። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከድንበሩ ግንድ አጠገብ መሣሪያው ጮኸ። እጀታው ተበልቷል፣ ምላሱ ዝጓል፤ ቅርጹ ግን ያው ማጭድ ነበር። የአያ ታከለ ባለቤት እየሮጡ መጥተው ከሕሊና እጅ ተቀበሉና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ኧረ ይመችሽ!» አለች ምሥጋና በሹክሹክታ። «ለአክስትሽ ደውለሽ ንገሪያት።»

ከመንገዱ በኩል የሚኒባስ ጥሩንባ ተሰማ። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመለሰው የመጨረሻው ነበር።

«ነይ፣ ሊያመልጠን ነው!» ብላ ምሥጋና ቦርሳዋን አንጠለጠለች።

ሕሊና ወደ አያቷ ተመለከተች። አያ ባምላኩ ሊሸኟት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ቀድመው ሊነሡ፣ እንደ ሁልጊዜው አቧራው እስኪጠፋ ቆመው ሊያዩ።

«አንቺ ሂጂ» አለች ሕሊና መሣሪያዋን እያጠፋች። «ለእማዬ እዚህ አድራለሁ ብላለች በያት።»