ከድሬዳዋ ሐርጌሳ ሃምሳ ደቂቃ

አስረስን ከግንብ ሥራው ላይ ያስጠሩት ሽማግሌው ሀጂ ዱዓሌ ነበሩ። የሐርጌሳ ኤርፖርት የሬዲዮ ሠራተኛ ዋርሳሜ ከወንበሩ ሳይነሣ በጥይት ተገድሏል፤ ገዳይ ተብሎ የተያዘው ደግሞ ግድግዳውን ሲለስን የነበረው፣ እንደ አስረስ ከኢትዮጵያ የተሰደደው ኤፊ ነው። ጊዜው 1987 ዓ.ም. ነበር፤ ኤርፖርቱን የያዙት ታጣቂዎችና የመንግሥት ጦር ተፋጠዋል፣ የድሬዳዋ የመኪና መንገድም ከተዘጋ ሰንብቷል።

አስረስ በደህናው ዘመን የድሬዳዋ ፖሊስ መርማሪ ነበር። አሁን በስደት ሐርጌሳ ውስጥ ግንበኛ ነው፤ ዓይኑ ግን ጡረታ አልወጣም። የአገሬው ሰው ቢገድል ጎሳው ተሰብስቦ በግመል ይክሳል። ለኤፊ ማን ይሰበሰብለታል? ዳሚ በሚባለው የድሆች ሰፈር ካነጠፋት ምንጣፍ በቀር ምንም የለው። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ይረሸናል።

ኤፊን የፊጥኝ ታስሮ አገኘው። ተኩሱ የተሰማው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ደንግጦ ሲሮጥ የኤርፖርቱ ኬላ ጠባቂዎች ያዙት፣ አንደኛውም ተፋበት። አስረስ የሸሚዙን ኮሌታ ገልጦ አየ። የጫት አረንጓዴ ደርቆበታል።

የሟች ሚስት ዛምዛም ባሏ እንቅልፍ አጥቶ እንደሰነበተ ነገረችው፤ ስለ አንድ አውሮፕላን ለሽማግሌዎች የምነግረው አለኝ ይል ነበር። ጫት ነጋዴው ዓብዲዋሀብ፣ የሟች የአጎት ልጅ፣ ድሬዳዋ ያደገ ነውና አማርኛው ውሃ ነው።

«ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከድሬዳዋ ተነሣን፣ አራት ሰዓት ላይ እዚህ አረፍን። ዋርሳሜ ሲገደል እኔ ሰማይ ላይ ነበርኩ፣ ወላሂ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ነፋሱ ነዋ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አስረስ ሁሉንም ከግራሩ ጥላ ሥር ሰበሰበና የጫቱን አውሮፕላን አብራሪ ቸርነትን ጠየቀው።

«ካፒቴን፣ ከድሬዳዋ እዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ ገደማ።»

«አውሮፕላንህ በሰዓት ስንት ይበራል?»

«ሦስት መቶ።»

«እንግዲያው ሃምሳ ደቂቃ ነው። ነፋስ ቢይዘው አንድ ሰዓት እንበል። ሌላዋ ሰዓት የት ገባች?»

ቸርነት አቀረቀረ። አስረስ የኤፊን ኮሌታ ገልጦ የደረቀውን አረንጓዴ ምራቅ አሳየ።

«ከተማው ጫት ካጣ አራት ቀኑ ነው። ጫት ይዞ የመጣው አውሮፕላን እዚህ ያረፈው አራት ሰዓት ላይ ነው። ታዲያ ጠባቂዎቹ ከዚያ በፊት የቃሙትን ከየት አመጡ? ኬላ በባዶ እጅ አይታለፍም፤ ጫት ነጋዴ ደግሞ የሚሰጠው ያንኑ ነው። ዓብዲዋሀብ፣ እጅህ ለምዶብህ አንድ እስር ሰጠሃቸው።»

ጠባቂዎቹ ዓይናቸውን ሰበሩ። የቀረውን ቸርነት አወጣው፤ አውሮፕላኑ በቅድሚያ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ አርፏል።

«ዓብዲዋሀብ ጥይት እናራግፋለን ብቻ ነው ያለኝ። ያለፈውን የጥይት በረራችንን ዋርሳሜ በሬዲዮ እንደሰማ አውቆ ነበር። በመኪና ሄጄ እስክመለስ ጠብቀኝ አለኝ፣ ጠበቅሁት። ከዚያ ተነሥተን እዚህ አረፍን።»

የኤፊ ገመድ ተፈታ። ሀጂ ዱዓሌ መቁጠሪያቸውን እያሹ ፍርዱን ተናገሩ።

«ገዳዩም ሟቹም የእኛው ልጆች ናቸው። ጦርነት ደጃችን ላይ ቆሞ እርስ በርስ አንታረድም። የቤታችን ጉዳይ ነው፣ እኛው እንጨርሰዋለን።»

አንድም ሰው ዓብዲዋሀብን አልያዘውም። አስረስ ኤፊን ደግፎ ሊሄድ ሲል ዛምዛም መንገድ ላይ ቆመች።

«ገዳዩ ያንተው አገር ልጅ ቢሆን ኖሮ ደሜ ይመለስልኝ ነበር» አለችው። «አሁን ገዳዩ ነገ ለቅሶ ሊደርሰኝ ይመጣል። ሻይ የማቀርብለትም እኔ ነኝ።»

አስረስ በጎኗ አለፈ። ኤፊን ይዞ ወደ ዳሚ ወረደ።