በግራ ትከሻ የተቆለፈው ካባ

ሊቀመንበሩ የተገኘው ከደረጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ግራጫ ካባ ለብሷል። የአንድ እግሩ ነጠላ ጫማ እላይ ደረጃው ላይ ቀርቷል፤ በሌላኛው እግሩ ላይ ደግሞ የካባው ጫፍ ተጠምጥሞበታል። ያየው ሁሉ «ካባው ጠልፎ ጣለው» አለ። የሰፈር ሰው መቼም ለመፍረድ ማን ብሎት፣ ሬሳው ገና ሳይነሳ ጉዳዩን ዘግቶት ወደ ቤቱ ሊገባ ነበር።

ያገኘችው ታላቅ እህቱ ናት። እሁድ እሁድ ከሰዓት የታጠበ ልብሱን ይዛለት ትመጣለች፤ ከእሷ ሌላ የሚመጣበት ዘመድ የለውም። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። «ሚስቱም ልጁም ያ ፊልም ነው» እያለች ለጎረቤት ስታማው ኖራለች፤ ዛሬ ግን ያንን ያለችበትን አፏን በእጇ ይዛ ደረጃው ሥር ተቀምጣለች።

ፊልም ሲባል ደግሞ እንዲያው አንዴ ታይቶ የሚረሳ እንዳይመስላችሁ። «የአመድ በር» የሚሉት ተከታታይ ነው። አንድ ዘበኛ ግራጫ ካባውን በግራ ትከሻው ቆልፎ፣ ማንም በማይመጣበት ትልቅ በር ላይ ብቻውን ይቆማል። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ይኸው እስካሁን አልተነገረም። ይህን ለማወቅ ስንቱ ወጣት ሆኖ ማየት ጀምሮ ሸብቷል። ሊቀመንበሩ ድሮ ሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ነበር። ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ወንበሮቹን ለምኖ ወሰደና፣ ከጎሚስታው በላይ ባለው ቤቱ ውስጥ ደርድሮ የአድናቂዎች ክበብ ከፈተ፤ ሊቀመንበርነቱም የዚሁ ክበብ ነው። አባላቱ ሲሰበሰቡ እንደ ዘበኛው ግራጫ ካባ ይለብሳሉ። እሱ ከጓዳው ይተኛል፣ ሳሎኑ ለዘበኛው ነው።

ታዲያ በቅርቡ ጉድ መጣ። የሚቀጥለው ክፍል ለአዲስ ዳይሬክተር ተሰጠ፤ ሰውየው ደግሞ የሰርግ ኮሜዲ ሠሪ። በቃ አገር ተቀወጠ። አንዱ ዘበኛውን ከሙሽራ ጋር አስጨፍሮ ሥዕል ለቀቀ። አንዷ «ከበሩ ወዲያ ያለው የሰርግ አዳራሽ ነው ማለት ነው» ብላ ጻፈች። ተሳዳቢው ተሳደበ፣ አልቃሹ አለቀሰ። የእናቱን ሞት በደረቅ ዓይን ያሳለፈ ሰው ለዳይሬክተር ሹመት ስልክ ይዞ ሲነፋረቅ አደረ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሆነ።

መርማሪዋ የመጣችው ሬሳው እንዳለ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ የሰውየውን አፍ ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ የምታወራው ከሬዲዮ ጋር ነው ይባላል፤ ሬዲዮው ሲሳሳት ታርመዋለች አሉ።

የካባውን መቆለፊያ ልትከፍት ሞከረች። እንቢ አላት። ጎተተችው፣ ጠመዘዘችው፣ ጥፍሯ ተሰበረ። ከዚያ ወደ እህትየው ዞረች።

«ይሄ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ምን አውቄለት እኔ። ያንን ጨርቅ በእጄም ነክቼው አላውቅ።»

«ቀኝ እጁ ቀጥኗል። ምን ሆኖ ነው?»

«ስትሮክ መቶት። ከደረቱ በላይ አይወጣለትም። ፀጉሩን እንኳ በግራው ነው የሚያበጥር» አለችና፣ እያወራች ያለችው ስለሞተ ሰው መሆኑ ትዝ ሲላት «ነበር» ብላ ጨመረች።

መርማሪዋ ወደ ላይ ወጣች። በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ናቸው፦ እህትየውና ከሟቹ ጋር ክበቡን የመሠረቱት ሦስቱ፣ አንዲት አስተማሪ፣ ነጎድጓድ የሚሉት የጭነት መኪና ሾፌርና አንድ ሰዓት ሠሪ። ጎሚስታው እሁድ ስለሚዘጋ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል አልተገኘም። ሳሎኑ ውስጥ የአባላቱ ካባ የሚቀመጥበት ሳጥን ክዳኑ ተከፍቷል። ወለሉ ላይ ጥቁር ሪባን ወድቋል። አንስታ ኪሷ ከተተችው።

ሰዓት ሠሪውን ያገኘችው በማግስቱ፣ መንገድ ዳር ካለችው የመስታወት ሱቁ ውስጥ ነው። ሱቋ ለአንድ ሰው እንኳ ትጠባለች። የግድግዳው ሰዓት ሁሉ የየራሱን ይናገራል፣ አንዱም ከሌላው አይስማማም። ሰውየው ከነመነጽሩ ብድግ ብሎ የራሱን በርጩማ ሰጣትና ቆሞ ቀረ። እሁድን የት እንደዋለ ጠየቀችው፤ እቤቱ ብቻውን እንደነበር ነገራት። ማን አይቶታል? ማንም። ክበቡን ከመሠረቱት አንዱ እንደሆነ፣ ሊቀመንበሩም እንደ ወንድሙ እንደነበር አወራላት።

«መጨረሻ መቼ ተያያችሁ?»

«በአካል ቆይቷል። ያው በስልክ፣ የክበቡ ግሩፕ ላይ ግን በየቀኑ እንገናኛለን።»

«ስለ አዲሱ ዳይሬክተር እርስዎ ምን ጻፉ?»

«እኔ አልጽፍም። ማንበብ ነው የምወደው። ጠዋት ስነሳ የጻፉትን አነባለሁ፣ ሰው ቤቴ የገባ ይመስለኛል» አለና ትንሽ ሳቅ አለ።

ሪባኑን አወጣችለት። እንደ ልማዱ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አየው።

«የአስተማሪዋ ይሆናል። ያንን ረጅም ፀጉሯን ታስርበታለች።»

መርማሪዋ አመሰገነችውና ወጣች። ስትወጣ በርጩማው ላይ ወዲያው አልተቀመጠም፤ የተቀመጠችበትን እያየ ትንሽ ቆየ።

አስተማሪዋ እረፍት ሰዓት ላይ ነበረች፣ ከባዶ ክፍል ውስጥ ደብተር ታርማለች። ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ ተከርክሟል። መርማሪዋ ፀጉሯን ስታይ፣ ልጅቷ ከሹመቱ ወሬ በኋላ እንዳስቆረጠችው፣ የክበቡም ሰዎች በየስብሰባው ሲስቁባት እንደከረሙ ነገረቻት። ክበቡ ውስጥ ለአዲሱ ዳይሬክተር የቆመችለት እሷ ብቻ ናት። የመጀመሪያውን ክፍል የሠራው ሰውዬም ከዚያ በፊት የሳሙና ማስታወቂያ ሠሪ ነበር ብትላቸው፣ ሊቀመንበሩ በሰው ፊት «ከሃዲ» ብሎ ጮኸባት።

«ታዲያ ለምን አላስወጣሽም?»

«ማን፣ እኔን? የሚጣላው ሰው ያስፈልገው ነበር እኮ። እኔን ካስወጣ ከማን ጋር ሊጨቃጨቅ ነው?» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አሁን እሷም የሚጣላት የለም።

የካባውን መቆለፊያ ነገር ስትጠይቃት፣ ዘዴ እንዳለው አሳየቻት፤ ተጭኖ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፣ የማያውቅ አይቆልፈውም፣ አይከፍተውም። ሊቀመንበሩ ግን እጁ ስለማይወጣለት በግራ እጁ በቀኝ ትከሻው ላይ ይቆልፍ ነበር። እነሱም «የእኛ ዘበኛ መስታወት ውስጥ ያለው ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ነጎድጓድን ያገኘችው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ነው። ስሙን ያገኘው በድምጹ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲያወራ እንኳ ወፍ ይበራል። ዳይሬክተሩን የሚደግፍ ካለ ከደረጃው ላይ እንደሚወረውረው በድምጽ መልእክት ልኳል፤ ሰፈሩም በሙሉ ሰምቶታል። ከመኪናው ሥር ወጥቶ፣ ያንን ያለው በንዴት እንደሆነ፣ እሱ ዶሮ እንኳ ሲታረድ ፊቱን እንደሚያዞር በእጁ ግሪስ እየማለ ተናገረ። ሪባኑን ሲያይ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተቀበላት።

«ይሄማ የካባው ነው።»

«የካባው ምን?»

«የሐዘኑ። ካባ አጥፈናል እኮ። ዳይሬክተሩ እስኪነሳ ማንም ካባ አይለብስም ተባለና ሁላችንም አጥፈን በጥቁር ሪባን አሰርነው። ትእዛዙን በግሩፑ የላከው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው።» ወዲያው ግንባሩ ተኮማተረ። «ቆይ፣ ካባው ጣለው የሚሉት እውነት ለብሶት ነው? ካባ ከሚለብስ ቆዳውን ቢገፈፍ ይመርጥ ነበር።»

መርማሪዋ አራቱንም እዚያው ክበቡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሲኒማ ወንበሮቹ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ፤ መቼም ሰው ሲጠራጠር ወንበር ይበዛለታል። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። የሟቹ ስልክ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ሰው ሁሉ ካባው ጣለው ብሏል» ስትል ጀመረች። «ካባው በግራ ትከሻው ተቆልፎ ነበር። በዚያ በማይወጣለት ቀኝ እጁ በግራ ትከሻው መቆለፍ አይችልም፤ ግራ እጁም እዚያው የራሱ ትከሻ ላይ መቆለፊያ ለመግፋት አይመቸውም። ስለዚህ ያለበሰው ሌላ ሰው ነው፤ ያለበሰውም ከወደቀ በኋላ፣ ተጠልፎ የወደቀ እንዲመስል ነው።»

እህትየው ቀና አለች።

«እርስዎ አይደሉም። መቆለፊያውን የማያውቅ ሰው ሊዘጋው አይችልም፤ እኔ ጥፍሬን ሰብሬበታለሁ። ያለበሰው የክበቡ ሰው ነው። ደንግጦ ነበርና ሊቀመንበሩ እንዴት እንደሚለብስ ረሳው፤ እጁ ግን ፊልሙ ላይ ያለውን አልረሳም።»

ነጎድጓድ አስተማሪዋን አየ፣ አስተማሪዋ ነጎድጓድን አየች።

«አሁን ግን አንድ ነገር አልገጠመልኝም። የክበቡ ሰው ሁሉ ካባ መታጠፉን ያውቃል። የሚያውቅ ሰው ሊቀመንበሩን ካባ አያለብሰውም፤ ተጠልፎ ወደቀ ብሎ የሚያምነው የለምና። ሪባኑንም ፈትቶ ወለል ላይ አይጥልም። እኔ የምፈልገው መቆለፊያውን የሚያውቅ፣ ሐዘኑን ግን ያልሰማ ሰው ነው። ከቤተሰቡ ሆኖ የቤቱን ወሬ ያልሰማ።»

ከታች ጎሚስታው ጎማ ሲመታ ይሰማል።

«ነጎድጓድ፣ ግሩፑ ላይ አንድ ነገር ጻፍ። ምንም ይሁን።»

ነጎድጓድ በወፍራም ጣቱ ነካ ነካ አደረገ። የአስተማሪዋ ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ስልክ በርቶ ጮኸ፤ እህትየው ደረቷን ያዘች። የሰዓት ሠሪው ስልክ ጉልበቱ ላይ ነው። ዝም እንዳለ ነው።

«ድምጹን አጥፍቼው ይሆናል» አለ፤ እሱ ራሱም አላመነውም።

መርማሪዋ ወደ እሱ ሄዳ ከአጠገቡ ባለው ወንበር ተቀመጠች።

«በየቀኑ ግሩፑ ላይ እንገናኛለን አሉኝ። ሪባኑ የሐዘን መሆኑን ግን አላወቁም። የአስተማሪዋ ፀጉር መቆረጡንም አላወቁም፤ ስብሰባ ላይ ሲሳቅበት የከረመውን። ሊቀመንበሩ ከግሩፑ መቼ ነው ያስወጣዎት?»

ሰዓት ሠሪው ስልኩን እያገላበጠ ቀስ ብሎ ተናገረ። ሹመቱ የተሰማ ዕለት ሊቀመንበሩ ዳይሬክተሩን ያላወገዙትን ዝምተኞች በሙሉ አንድ ባንድ እየለቀመ አስወጣቸው። ዝም ያለ ደጋፊ ነው አለ። እሱ ደግሞ ጽፎ አያውቅም፤ ምን ብሎ ይጻፍ። የሚቀጥለውን ስብሰባ የት፣ መቼ እንደሆነ የሚነግረው ጠፋ። አንድ ሰው «የት ሄደ?» ብሎ እስኪጠይቅ ጠበቀ። ጠዋት እየተነሳ ባዶ ስልክ እያየ ጠበቀ።

አስተማሪዋ ፊቷን ሸፈነች። ነጎድጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጹ ወረደና «እኔ እኮ እዚያው ያለህ መስሎኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አለው ሰዓት ሠሪው። «እሁድ መልሰኝ ልለው መጣሁ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመን ለመንኩት። ‹ውይ፣ አንተም ነበርክ እንዴ?› አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ደህና። የእውነቱን ነበር፤ አላስታወሰኝም። ገፋሁት። ሊይዘኝ ያንን ደህናውን እጁን ዘረጋልኝ፣ እኔ አልያዝኩትም።»

እህትየው አልጮኸችም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባችና፣ ይዛው የመጣችውን የወንድሟን ሸሚዝ አልጋው ላይ እንደገና ስታጣጥፍ በበሩ ትታይ ነበር።

ፖሊሱ ሰዓት ሠሪውን በክንዱ ያዘው። መርማሪዋ ግን ቆይ አለችው። ጣቢያ ሲገባ ብርድ ልብስ የሚያመጣለት፣ ምግብ የሚያቀብለው ሰው ያስፈልጋል፤ ለማን ስልክ እንደውልልዎ ብላ ጠየቀችው።

ሰውየው አሰበ። ነጎድጓድ ወለሉን ያያል፣ አስተማሪዋ ቀና ብላ ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች።

«ለሊቀመንበሩ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው። «የእሱን ቁጥር ብቻ ነው በቃሌ የማውቀው።»