የወደቀ ይልቀቅ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ሆሴ ከተማ በላይ ያለው ኮረብታ ከታች ተቀጣጥሎ መንገዱን ሲዘጋው ብርሃነ መስቀል መኪናውን እርግፍ አድርጎ ተወ። የቀረው ማምለጫ ከሸለቆው ማዶ ያለው የግድብ ውሃ ብቻ ነበር። ልጁን ሳሌምን «ቀበቶዬን ያዢ፤ በጭሱ ውስጥ አንተያይም» አላትና ቁልቁል ወረደ።

በዚህ አካሄድ ድሮ አንድ በረሃ አቋርጧል። ደሴ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከገበያ አፍሰው ወታደር አደረጉት። የደርግ ጦር ሲፈርስ ከጓዶቹ ጋር ቀበቶ ለቀበቶ ተያይዘው በአሸዋ ማዕበል ወደ ሱዳን ሸሹ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ የወደቀ ሌላውን እንዳይጎትት ዝም ብሎ ይለቃል። ከኋላው ስንቱ እንደለቀቀ ያወቀው ሱዳን ሲገባ ነው። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ መጥቶም የሰው ሕንፃ ሲጠብቅ አረጀ። «ወንዶች ነበሩ» እያለ ታሪኩን ለልጁ በኩራት ይነግራታል፤ እሷ ግን በሰማችው ቁጥር ትናደዳለች።

ነፋሱ ዞረ። ፍም ያዘለ አቧራ ፊታቸውን ገረፈው። እሳት የሸሹ የዱር አሳማዎች ከጭሱ ውስጥ በረው ወጡ፤ አንዱ የብርሃነ መስቀልን ጉልበት መትቶ ጣለው። ከዚያ ወዲያ የምትመራው ሳሌም ሆነች፤ እሱ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዞ እያነከሰ ተከተለ።

ሸለቆው መሃል ጉልበቱ ጨርሶ ከዳው። እሳቱ ከኋላቸው ያጓራል። መሞቱን ፈርቶታል፤ ልጁን ይዟት መሞት ግን ባሰበት። ቃል ሳይተነፍስ ማንገቻውን ለቀቀ።

ሳሌም ቦርሳዋ ሲቀልላት ተመለሰች፤ በዳበሳ አገኘችው።

«ለምን ለቀቅህ?»

«ሂጂ ልጄ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አይ ሄይት ዛት ስቶሪ፣ አባዬ። ያንን ታሪክ እጠላዋለሁ። ያዝ።»

«አልችልም።»

«እሺ፣ እኔም አልሄድም» ብላ አጠገቡ ቁጭ አለች።

ተቆጣት፣ ለመናት፣ በእጁ ገፋት። ንቅንቅ አላለችም። ሲጨንቀው ማንገቻውን እጁ ላይ ጠመጠመና በደህናው ጉልበቱ ዳኸ። እሷ እየጎተተች፣ እሱ እየዳኸ፣ ድንጋዩ መዳፉን እየላጠው ወረዱ። እጅጌው በፍም ተያያዘ፤ በአፈር አጠፋችለት። በመጨረሻ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ወደቁ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀልባ ደረሱላቸው። አንደኛው ቦርሳዋን ሊቀበላት ቢሞክር የአባትየው ጣቶች አልላቀቅ አሉት። ሳሌም እንዲተወው ነገረችው። ብርሃነ መስቀል የእነዚያን ጓዶቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ ያለቅስ ነበር፤ ማንገቻውን ግን አልለቀቀም።