ለአድልዎ አንድ ገጽ

«ምን ደረሰሽ?» አለች ድምቡሼ፣ በቀጮ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ።

ቀጮ ወረቀቷን በመዳፏ ሸፈነችው። የቋንቋ መምህሩ ዘወትር ሰኞ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ይዘው በየዴስኩ ይዞራሉ። ተማሪው እጁን ከትቶ አንድ ቃል ያወጣል፤ ለቃሉ ከመዝገበ ቃላት አንድ መስመር ፍቺ፣ ከገዛ ሕይወቱ ደግሞ አንድ ገጽ አጠቃቀም ጽፎ ዓርብ ክፍሉ ፊት ያነባል። መቀየር የለም። ባለፈው ሳምንት የደረሳት «ጠጠር» ነበር። ስለ ጠጠር ምን አንድ ገጽ ይጻፋል? ዛሬ ግን ካርቶኑ ሆዷን አውቆ የሰጣት ይመስል ነበር። ወረቀቱ ላይ «አድልዎ» ይላል።

«ይሄ ቃል እንዲሁ በማንም ላይ የሚባል አይደለም» አሉ መምህሩ ከጀርባዋ ቆመው። «የማታውቂው ሰው መንገድ ላይ ቢገፋሽ በደለኝ ትያለሽ እንጂ አዳላብኝ አትይም። ለማዳላት ሰውየው በእጁ የሚሰጠው ነገር ያለው፣ እኩል መስጠትም የሚገባው መሆን አለበት። ዳኛ፣ አስተማሪ፣ ወላጅ።»

«ወላጅ» ሲሉ ቀጮ አንገቷን ደፋች። አንድ ገጽ መች ሊበቃት።

የቀጮ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ የቤታቸው የፊት ክፍል የሥራ ቦታዋም ነው። አምና የእናቷ እህት ሥራ አግኝታ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ልጇን ድምቡሼን እነሱ ዘንድ ተወቻት። «እህት አገኘሽ» አሏት ሁሉም። እውነት ለመናገር ቀጮም መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ። ታዲያ ትልቁ መቀስ ለማን ተሰጠ? ለድምቡሼ። ቀጮ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በዚያ ክፍል ክር ስትለቅምና የተበላሸ ስፌት ስትተረትር ነው ያደገችው፤ እስካሁንም ትተረትራለች። ድምቡሼ ግን በመጣች በስድስት ወሯ የደንበኛ ጨርቅ መቁረጥ ጀመረች። ሁለቱ አብረው ሲያረፍዱ ቁጣው ለቀጮ ነው። ቀጮ ብርጭቆ ስትሰብር «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ምን ነካው?» ትባላለች። ድምቡሼ ስትሰብር ደግሞ «እግርሽን እንዳይወጋሽ፣ የኔ ቆንጆ።» የኔ ቆንጆ፣ እቴ።

ይሄን ሁሉ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጻፈችው፤ ገጹ ሞልቶ ጠርዝ ጠርዙ ላይም ጻፈች። ቀንቻለሁ የሚል ግን አላስገባችበትም። ቀንታ ነበር፣ ያውም አንጀቷ እስኪያር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ሐር ተዘርግቶ አገኙ። ጎረቤታቸው ያለችው ነርስ ለልጇ ምረቃ የምትለብሰው ቀሚስ ነው። እናትየው እንደ ልማዷ በጠመኔ ሁለት መስመር አስምራበታለች። ውስጠኛው መኪናው የሚሰፋበት ነው፤ ውጭኛው መቀሱ የሚሄድበት። በመሃላቸው ያለው ሁለት ጣት ቦታ ለስፌት የሚተው ነው።

«ክር ገዝቼ እስክመለስ የዚህን ወገብ ቁረጪልኝ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት ድምቡሼን። ወደ ቀጮ ዞረችና ደግሞ «አንቺ ያንን ሱሪ ተርትሪ። እንደ ትናንቱ ጨርቁን ብትቀጂው ወዮልሽ» ብላ ወጣች።

ድምቡሼ እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። ቀጮ ከሐሩ ጋር ብቻዋን ቀረች። ምን ነካት ቢባል ቅናት ነው የነካት፣ ሌላ ምን ሊነካት። የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ስባ ውጭኛውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠረገችው። ጠመኔ ምን አቅም አለው፣ ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ተመልሳ ቁጭ አለችና ሱሪዋን መተርተር ጀመረች።

ድምቡሼ መጥታ መቀሱን አነሳች። ጨርቁን ትንሽ አየችው። «ዛሬ አንድ መስመር ብቻ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቆራጯ አንቺ» አለች ቀጮ ቀና ሳትል።

ድምቡሼ ቆረጠች።

እናትየው ተመልሳ ጨርቁን ስታነሳ ክው አለች። የቀሚሱ ወገብ በዚህም በዚያም ሁለት ሁለት ጣት ጎድሏል። ነርሷ ያመጣችው ሐር ደግሞ ትርፍ የለውም። ቀጮ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። በቃ፣ ዛሬ ድምቡሼም «አንቺ ልጅ» ልትባል ነው።

እናቷ ግን በረጅሙ ተነፈሰችና «ግድ የለም» አለች። «አንዱን መስመር ሳላሰምር የሄድኩት እኔው ነኝ። እርጅና መጣ መሰለኝ። ነርሷን እኔ አናግራታለሁ፣ አይዞሽ።»

ግድ የለም ትላለች ደግሞ። ቀጮ ሱሪውን በጥርሷ ልትዘነጥለው ምንም አልቀራት። እሷ አበላሽታው ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።

ድምቡሼ መቀሱን ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «አክስቴ፣ ከእንግዲህ አልቆርጥም» አለች። አክስቷ ብትለምናት ብታባብላት እሺ አላለችም።

አመሻሽ ላይ ሁለቱ ዕቃ ሲያጥቡ ድምቡሼ አንዱን ሳህን ደጋግማ ታሸዋለች። «አቦ አታካብጂ» አለቻት ቀጮ። «ደግሞስ መቼ ተቆጣችሽ?»

«እሱ እኮ ነው።» ድምቡሼ ሳህኑን ማሸት አላቆመችም። «አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም። እናቴ ብትሆን ጆሮዬን ይዛ ታዞረኝና መልሳ ቁጭ አድርጋ ታሳየኝ ነበር። አክስቴ ግን ግድ የለም ትለኛለች፤ ሰው ቤት ሄደሽ ስታጠፊ እንደሚሉሽ። አንቺ ላይ ስትጮህ አንዳንዴ እንዴት እንደምቀና ብታውቂ።»

«በኔ?» ቀጮ ሳቀች፤ ሳቁ ግን አልሄደላትም። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው አይደል?»

«ሙድ አይደለም። መቀሱንም የወደድኩት ለዚያ ነበር። ስቆርጥ የቤቱ ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

ቀጮ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው።

ሐሙስ ጠዋት እናቷ ፀጉሯን እያበጠረችላት «ያቺ ልጅ እንቢ ብላለች፤ መቀሱን አንቺ ብትሞክሪው ይሻላል መሰለኝ» አለቻት። ቀጮ ይሄን ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቃለች። «እሺ» ብቻ አለች፤ ደስ እንዲላት ሞከረች፣ ግን አልሆነላትም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገጿን አውጥታ አነበበችው። ሁሉም እውነት ነው። መቀሱም፣ ብርጭቆውም፣ የኔ ቆንጆውም። እናቷ አዳልታለች፣ ማንም ይፍረድ። የረቡዕ ነገር ግን የትም አልተጻፈም። ከሥር ልትጨምረው እስክሪብቶ አነሳች፤ «አድልዎ» ለዚያ አልሆን አላት። እሷ ዳኛም ወላጅም አይደለችም፤ የምታካፍለውም ነገር አልነበራትም። ሐሩ ላይ ያደረገችው ሌላ ስም አለው። ምንም ባላደረገችና ራሷን በማትከላከል ልጅ ላይ የተሠራ ነገር ግፍ ነው የሚባለው። ቃሉን ጻፈችው። በገዛ እጇ ጽሑፍ ስታየው አፈረች።

ነገ ገጹን ብታነበው ክፍሉ ያዝንላታል። ድምቡሼ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የምትኖርበት ቤት ውስጥ የማትፈልጋት ሰው እንዳለች ትሰማለች። ከዚያ ለእናቷ ደውላ ውሰጂኝ ትላታለች። ቀጮ ይሄንኑ ስትመኝ ነበር የከረመችው። አሁን ግን አልፈለገችውም።

ደብተሯን ዘግታ ወደ ፊት ክፍል ሄደች። እናቷ ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ እየቀጠለች የነርሷን ቀሚስ ለማዳን ትታገላለች። ድምቡሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክር ትለቅማለች።

«እማዬ» አለች ቀጮ።

«ደግሞ ምን አጠፋሽ?» አለች እናቷ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

«መስመሩን አልረሳሽውም። ሁለቱንም አስምረሽ ነበር። ውጭኛውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መኪናው ቆመ። እናቷ ዞራ አየቻት። ቀጮ ጩኸቱን ጠበቀች፣ አልመጣም።

«ድገሚው» አለች እናቷ በዝግታ።

ቀጮ ወደ ድምቡሼ ዞረችና ደገመችው።