ሁለተኛው ሰባት

«በሞቴ፣ ዝም በዪ!» አለች ጥድፊያ በሹክሹክታ፣ የሚጢጢን እጅ ከኪቦርዱ ላይ ለቀም አድርጋ።

የኮምፒውተር ክፍሉ ሞቋል። ቲቸር ከበሩ በኩል ጀምረው ወንበር ለወንበር እየዞሩ ነው፤ እነሱ ጋ ለመድረስ ብዙም አልቀራቸውም።

በኮምፒውተር ክበቡ ሕግ ማንም የራሱን ፕሮግራም አይፈትሽም። ጓደኛው ይፈትሽለታል፤ ፈታሹም «ሰባሪ» ይባላል፣ ሥራው ፕሮግራሙን የሚያሳስት ቁጥር መፈለግ ነውና። የዚህ ዙር ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በአንድ የቁጥሮች ረድፍ ውስጥ ሰባት ካለ፣ እያንዳንዱን ሰባት ወዲያው ስምንት መከተል አለበት። ረድፉ ሕጉን ካከበረ ፕሮግራሙ «ልክ» ይላል፤ ከጣሰ «ስህተት»። ሳይሰበር ያለፈ ለውድድር ይመረጣል። ጥድፊያና ሚጢጢ አንዳቸው የሌላቸው ሰባሪ ናቸው።

ጥድፊያ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳለች፤ ቅጽል ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፕሮግራሟ ስምንት የተከተለውን የመጀመሪያውን ሰባት ሲያገኝ «ልክ» ብሎ እዚያው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዞር ብሎም አያየውም።

«ቲቸር ራሳቸው ቢሞክሩት እንኳ ሁለት ሰባት አያስገቡም እኮ! እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ውድድሩ ላይ ቢያስገቡስ?»

«እስከዚያ አስተካክለዋለሁ። አሁን ከወደቅኩ ግን እማዬ ክበቡን አስትታ ስፌት ቤት ታስገባኛለች። ቁልፍ ስተክል ልዋል? ታውቂያታለሽ፣ ቃሏን አታጥፍም።»

ሚጢጢ የመጀመሪያ ቀኗን አስታወሰች። «ይቺ ደግሞ ወንበሩ ላይ በመሰላል ነው የምትወጣው?» ብለው የሳቁባትን ልጆች አፍ ያስያዘች ጥድፊያ ናት። እጇን ይዛ እዚህ ያስገባቻትም እሷው ናት። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ግን በውድድሩ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የጓደኛዋ ጉድ ሲፈላ ታያት። «አንቺ አላየሽም ነበር?» ብትላት ምን ልትመልስ ነው?

ቲቸር ደረሱ። «እህስ፣ ሰባሪ? ተሰበረ?»

ሚጢጢ ጓደኛዋን አላየቻትም፤ ካየቻት እንደማትችል ታውቀዋለች። እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ቁጥሮቹን አስገባች፦ 7፣ 8፣ 3፣ 7፣ 4።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ «ልክ» ብቅ አለ።

«ልክ አይደለም» አለች ሚጢጢ። «ሁለተኛውን ሰባት አላየውም።»

ቲቸር አጎንብሰው አነበቡና በረጅሙ ተነፈሱ። ጥድፊያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

«ያንቺስ? ማን ፈተሸልሽ?» አሉ ቲቸር።

ሚጢጢ የራሷን ፕሮግራም አየችው። ስትሠራው ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል፤ የሚፈተሸው ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው።

«ሰባሪዬ ወጥታለች፣ ቲቸር።»

«ሌላ ሰው ልስጥሽ?»

በመስኮቱ በኩል ጥድፊያ ግቢውን አቋርጣ ወደ ስፌት ቤቱ መንገድ ስትታጠፍ ታየች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው።

«አይ፣ ይቅር» አለች ሚጢጢ። ኮምፒውተሩን አጠፋችና ቦርሳዋን አንስታ እየሮጠች ተከተለቻት።