ሁለተኛው ጥሩምባ

ቅዳሜ ጠዋት ሔዋን ከቦኖ ሁለት ጀሪካን ውሃ አመጣች፣ ግቢውን ጠረገች፣ ከትናንት የተረፈውን ፍርፍር በልታ ጸጉሯን አሰረች። እናቷ ሜሮን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ሌላውን ቀን ሲሪንቃ ሄዳ ሥራ ላይ ስለምትውል ለልብስ ያላት ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው።

«እማ፣ ስልክሽን ልውሰደው? ፊልሙን ዛሬ እንጨርሳለን።»

«ሰዎቹ እስካሁን አልሄዱም?» አለች እናቷ ከሳፋው ቀና ሳትል።

«ሰዎች አይደሉም እኮ! ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ናቸው።»

«እንግዲያው ከምሳ በፊት ይሂዱልሽ። ስልኩንም እንዳትጥዪው።»

ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው ጀርባ ነው። ሔዋን ስትደርስ አሥራ ሁለት የክፍሏ ልጆች ባንዲራው ሥር ተሰብስበዋል። ፊልሙ የፌቨን ሐሳብ ነው። ፍጡራን ከሰማይ ወርደው መርሳ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይወርራሉ፤ ተማሪዎቹን ከሰልፍ ላይ አንድ በአንድ ይወስዳሉ። የተማሪዎች የፊልም ውድድር ምዝገባ ሰኞ ወልድያ ላይ ይዘጋል።

ፍጡር የሆነው ረዲ ነው። ማዳበሪያ ለብሷል፤ በላዩ ላይ የብስኩት መጠቅለያ ተለጥፎበታል። ፊቱን በብየዳ መከላከያ ሸፍኗል።

«አንተ፣ ስትራመድ ዶሮ ነው የምትመስለው!» አለችው ፌቨን።

«መሬቱ አይታየኝማ! እስቲ አንቺ ሞክሪው።»

የጎደላቸው ፍጡራኑ የሚመጡበት መንኮራኩር ድምፅ ብቻ ነበር። ፌቨን ከጆንያ ውስጥ አንድ ረጅም ነገር አወጣች። የእድሩ ጥሩምባ ነው። አያቷ ጋሽ ፋንቱ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት ሠፈሩን እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስም ይጠራሉ።

«ፌቩ፣ አብደሻል? አያትሽ ያውቃሉ?» አለች ሔዋን።

«አንዴ ብቻ ነው ባክሽ። በስልክ ያወረድነውን ድምፅ ሞክረነው የለ? ባጃጅ ነው የሚመስለው።»

ሔዋን ስልኩን ደግና «ጀምሩ» አለች።

ፌቨን ነፋች። ድምፁ የመማሪያ ክፍሎቹን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። ረዲ ከሽንት ቤቱ ጀርባ እጁን ዘርግቶ ወጣ። ልጆቹ እየጮኹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። በስልኩ መስኮት ውስጥ ሁሉም ነገር እንደታሰበው ነበር።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተ።

መጀመሪያ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ሴት ገባች። ቀጥሎ ጋቢ የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎች። ከኋላቸው ሌሎች እየሮጡ መጡ። ጥሩምባውንም የልጆቹንም ጩኸት ሰምተዋል። «ማነው? የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። አንዷ ገና ሳይነገራት ደረቷን መምታት ጀመረች። ሔዋን ስልኩን ማውረድ ነበረባት፤ መቅረጿን ግን ቀጠለች።

እናቷንም ያየቻት በስልኩ ውስጥ ነው። አረፋው እስከ ክርኗ ድረስ አልደረቀም። ነጠላዋ ተዘቅዝቋል። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ዐይኖቿ ከአንዱ ልጅ ወደ አንዱ ልጅ እየዘለሉ ሔዋን ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ደውላ የምትጠይቅበት ስልክ አልነበራትም፤ ስልኩ ሔዋን እጅ ነበረ።

ጋሽ ፋንቱ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። «አንቺ! ሳልሞት ወረስሽኝ? የማንን ስም ልትጠሪ ነው?»

«አንተስ ምንድን ነህ?» አለችው ደረቷን ስትመታ የነበረችው ሴት ረዲን።

«ከሌላ ዓለም…» አለና መከላከያውን አወለቀ። «ረዲ ነኝ እትዬ። የአብዱልሐሊም ልጅ።»

የሳቀም የረገመም ነበር። ሜሮን ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ልጇን አልፋ ፌቨን ፊት ሄዳ ቆመች።

«አንዴ ድገሚው» አለቻት።

ፌቨን ወደ አያቷ ዞረች። ጋሽ ፋንቱ ሜሮንን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጥሩምባውን ከልጅቷ እጅ ወሰዱና ራሳቸው ነፉ። እንደ ፌቨን አልጮኸም፤ ዝግ ብሎ፣ ረዝሞ ወጣ። ሜሮን አንገቷን ደፍታ እስኪያልቅ ቆመች። ሲጨርሱ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች።

«ምሳ ይቀዘቅዛል» አለች ለሔዋን፤ ሄደችም።

የሔዋን አባት የሞተው በጦርነቱ ጊዜ፣ የስኳር መድኃኒት ከከተማው በጠፋበት ወር ነው። አራት ጎረቤቶች ተሸክመው ቀበሩት። ያኔ ጥሩምባ አልተነፋም። ድምፁ ታጣቂዎች ጆሮ እንዲደርስ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ፌቨን ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየችው። «አየሽው? ይሄን የትኛውም ተዋናይ አይችለውም! በተለይ እናትሽ። በቃ አንደኛ ወጥተናል።»

«እሷ እየተወነች አይደለም እኮ።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ሔዋን ስልኩን ከእጇ ወሰደች። እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። ዛሬም አላለቀሰችም። ታዲያ ያ ምን ነበር? ንዴት ነው? ኀዘን ነው? የሚያስፈራን ድምፅ ሰው እንዴት ድገሙልኝ ይላል?

ቤት ስትደርስ እናቷ የቀረውን ልብስ እያለቀለቀች ነበር።

«እማ… ለምንድን ነው ድገሚው ያልሻት?»

«መስማት ፈልጌ ነው።»

«ለአባቴ ብለሽ ነው?»

ሜሮን ከሳፋው ውስጥ አንሶላውን አወጣች። «ጫፉን ያዥልኝ» አለች። አንሶላውን ሁለቱ በሁለት በኩል ይዘው ጠመዘዙት፤ ውሃው መንጠባጠቡን እስኪያቆም ድረስ።

እሑድ ሔዋን እናቷ አንገቷን ደፍታ የቆመችበትን አርባ ሴኮንድ ድምፁን ዘግታ ተመለከተችው። አሁንም አልገባትም። ሰው የሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ የማያውቋት ሰዎች ያንን የተደፋ አንገት እያዩ ሲያጨበጭቡ ታሰባት። ያንን ከቪዲዮው ቆርጣ ሌላውን ሁሉ ወደ ሜሞሪ ካርድ ገለበጠች። የቆረጠችውን ስልኩ ውስጥ ተወችው፤ ስልኩንም ለባለቤቱ፣ ለእናቷ መለሰች።

ሰኞ ጠዋት ፌቨን ካርዱን ከፍታ ፈለገች። «የታለ?»

«እዚያ ውስጥ የለም።»

«ሔዋን! ያለ እሱ እኮ የረዲ ማዳበሪያ ብቻ ነው የቀረን!»

«አውቃለሁ።»

ፌቨን ተኮሳትራ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። እስከ ምሳ ሰዓት ያወሩት ነገር «እዚህ ጋ ቁረጪው» እና «እሺ» ብቻ ነበር።

ፊልሙ ወደ ወልድያ ሲላክ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነበር። ፍጡሩ አለ፣ ሩጫው አለ፣ የመጀመሪያው ጥሩምባ አለ። ሁለተኛው የለም።